ስድስት ዓይነት ጩኸት

ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰፈራችን እንዳለ ነቃ። ቀስቃሹ ማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በእናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። አጥር ጥግ የቆመች፣ ከተገዛች ዓመት ቢያልፋትም የመቀመጫዋ ፕላስቲክ ገና ያልተላጠ፣ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል የተገጠመላት ሞተር ሳይክል ናት። ድመት ዘለለችባት፤ ጮኸች። ድመቷ ደንግጣ ስትወርድ መልሳ ነካቻት፤ መልሳ ጮኸች። ድመቷ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በሰፈሩ አልታየችም። ብልህ ድመት ናት። እኛ ግን የት እንሄዳለን?

ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ስለ ጎረቤቴ ቸርነት አንድ ሰው መመስከር አለበት ብዬ ነው። ሌላው ሰው ንብረቱን በቁልፍና በሰንሰለት ይጠብቃል፤ ይህ ራስ ወዳድነት ነው። የእኛ ጎረቤት ግን በሕዝብ ያስጠብቃል። ሲነዳት አያካፍለንም፤ ስትጮኽ ግን ሁላችንም ባለድርሻ ነን።

በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ አልጋ የሚዘረጋው ግቢ ነው። በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ወይ ማቀዝቀዣ ገዝቷል፣ ወይ ከቤተሰቡ ተጣልቷል። ስለዚህ በጆሯችንና በሞተር ሳይክሏ መካከል ያለው ግድግዳ አጎበር ነው። አጎበር የወባ ትንኝ ይከለክላል እንጂ ደወል አይከለክልም። ባለቤቱ ማቀዝቀዣ ከገዙት ወገን ነው፤ መስኮቱን ዘግቶ፣ ማሽኑ እያጉረመረመለት እንደ ሕፃን ይተኛል። የደወሉ ማጥፊያ ሪሞት ከሱሪው ኪስ ነው፤ ሱሪው ደግሞ ሌላ ክፍል ተሰቅሏል።

ሐሙስ ሌሊት ተሰብስበን በሩን አንኳኳን። የቆርቆሮ በር ነው። ባንኳኳን ቁጥር በሩ ይንቀጠቀጣል፣ በሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አጠገቡ ያለችው ሞተር ሳይክል እንደ አዲስ ትጀምራለች። ከስንት ጊዜ በኋላ በሽርጡ ወጣና ዓይኑን እያሻሸ ‹‹ምን ተፈጠረ? ሌባ ነው?›› አለን።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ከመቀመጫው ሥር መዳፍ የማታክል ሳጥን አለች፤ ውስጧ ንዝረት የሚሰማ ሴንሰር ተቀምጧል። ንክኪው ቀላል ከሆነ ‹ጢጥ› ብላ ታስፈራራለች፤ ጠንከር ካለ እሪታዋን ታቀልጠዋለች። ሴንሰሩ የሚፈርደው በንዝረት ብቻ ስለሆነ ሌባን ከድመት አይለይም። ለእሱ የዛፍ ፍሬ ሲወድቅም ሌባ ነው፣ አይሱዙ ሲያልፍም ሌባ ነው፣ ነጎድጓድም ሌባ ነው። በአብዛኞቹ ላይ ይህን ስሜት ማለዘብ ይቻላል፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህንኑ በትሕትና ብነግረው ጎረቤቴ ከልቡ አዘነብኝ። ‹‹ታዲያ ካልጮኸ ምኑን ደወል ሆነ?›› አለኝ።

የደወሉን ስድስት ድምፆች በቅደም ተከተል እናውቃቸዋለን። አንደኛው አምቡላንስ ነው። ሲጀምር ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ‹‹ማን ታመመ?›› ይላል፤ ከዚያ ያስታውስና ትራሱን ይገለብጣል። ሁለተኛው የእሳት አደጋ መኪና ነው። ሦስተኛው ከአንደኛው ጋር አንድ ይመስላል፤ የሰፈራችን ልጆች ግን በብዙ ሌሊት ጥናት እንዳረጋገጡት ትንሽ ፈጠን ይላል። አራተኛው ወፍ ነው። የምን ወፍ እንደሆነ ገና አልተስማማንም፤ አንዲት እናት ‹‹ጅግራ ናት›› ቢሉ ልጃቸው ‹‹ባትሪ የዋጠች ጅግራ›› ብሎ አሻሻለው። አምስተኛው የሚንቀጠቀጥ የፍየል ልቅሶ ነው። በዚህ ጊዜ ከእኛ ሦስተኛው ግቢ ያለች እውነተኛ ፍየል መልስ መስጠት ትጀምራለች፤ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ይነጋገራሉ፤ ስለ ምን እንደሆነ ባናውቅም የሚግባቡ ይመስላሉ። ስድስተኛው አምስቱንም አንድ ላይ የጨፈለቀ ነው። እሱ ሲያልቅ ግማሽ ደቂቃ ዝምታ ይሆናል። ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይብሳል፤ ሰው ሁሉ ጋደም ብሎ አንደኛውን እየጠበቀ ነዋ። በጎረቤት ያለ አንድ ሕፃን ‹‹እማ›› ከማለቱ በፊት ሁለተኛውን ድምፅ አጥርቶ ተናግሯል። አያቱ እልል ብለዋል፤ ምን ያድርጉ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ከአጥራችን ማዶ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባት አሉ። እሳቸው ብቻ ከዘመኑ ጋር መሄድ አቅቷቸዋል። ‹‹ልጄ፣›› ይሉኛል፣ ‹‹እኛ በነበርንበት ጊዜ ባቡር የሚጮኸው ሲመጣ ነው። ጮኸ ማለት መጣ ማለት ነው፤ ሰውም፣ ግመሉም ከሐዲድ ይነሣል። ይሄ ምን መጣ ብሎ ነው የሚጮኸው?›› ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በባቡር ፉጨት ያደገች ናት። ቢሆንም ጩኸት ሁሉ ትርጉም ይኑረው ማለት ያረጀ አስተሳሰብ መሆኑን ለእኚህ አባት ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ አንባቢ ጎረቤቴን ማስጠንቀቂያ የሚወድ ሰው አድርጎ እንዳይቆጥረው። የሚወደው ሌላውን የሚያስጠነቅቀውን ነው። እሱን የሚያስጠነቅቀውን አይወድም።

የዚያችው ሞተር ሳይክል ዳሽቦርድ ላይ ጥቁር ናስትሮ በሦስት ቦታ ተለጥፏል። በአንደኛው ሥር የዘይት መብራት አለች። ቀይ ናት። ቁልፍ ሲከፈት ትበራለች፣ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች፤ ሞተሩ እየሠራ ከበራች ግን ዘይቱ በሚገባው ግፊት እየደረሰ አይደለምና ቶሎ አጥፋ ማለቷ ነው። አንድ ቀን እየነዳ በራችበት። ወዲያውኑ ወደ ኤሌትራውቶ ሄደ። ልብ በሉ፣ ወደ ሜካኒክ አልሄደም፤ ችግሩ የመብራት ነው ብሎ ደምድሟል። ኤሌትራውቶውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ‹‹ዘይቱን አይተኸዋል?›› በሚል ጥያቄ አላስቸገረውም። ናስትሮውን በጥርሱ ቆርጦ ለጠፈና ሃምሳ ብር ተቀበለ። በአንድ ሌሊት ከሞተር ሳይክሏ ሥር የምትጠራቀመው የዘይት ኩሬ የእኛን ደጅ አልፋ ሄዳለች፤ ችግሩ ግን ተፈቷል።

በሁለተኛው ናስትሮ ሥር የኤቢኤስ ቢጫ መብራት አለች። ኤቢኤስ ማለት ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ ነው። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ ይበራል፤ ሞተር ሳይክሏ ጥቂት ከተንቀሳቀሰች በኋላ የጎማዎቹ ሴንሰሮች ደህና መሆናቸውን አረጋግጦ ራሱ ያጠፋዋል። ጎረቤቴ ያን ያህል የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም። ጀርመኖች በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ኤቢኤስ የገጠሙላት የመጀመሪያዋ ሞተር ሳይክል፣ የቢኤምደብልዩዋ ኬ100፣ ከነኤቢኤሷ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣች። አውሮፓ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ አደረገችው። ምስኪኖች! ያን ሁሉ ዓመት ሲደክሙ ድሬዳዋ መጥቶ አንድ ክንድ ናስትሮ የሚያሳያቸው ሰው አላገኙም።

በሦስተኛው ናስትሮ ሥር ምን እንዳለ ጎረቤቴም አያስታውስም።

የጎን መቆሚያው ሴንሰር ናስትሮ እንኳ አልተገባውም። ገመዱ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ተጠማዘው ተያይዘዋል። ይህ ሴንሰር መቆሚያው ሳይታጠፍ ማርሽ ከገባ ሞተሩን ያጠፋል፤ ወርዶ የቀረ መቆሚያ ወደ ግራ ሲታጠፉ መሬት መትቶ ነጂውን ያሽቀነጥራልና። ‹‹ሰው ፊት ልነሣ ስል ቀጥ ይልብኛል፤ ያሳፍረኛል›› አለኝ። አሁን አያሳፍረውም። ሰው ፊት ይወድቃል እንጂ ሰው ፊት አይጠፋበትም።

እርግጥ መብራት ሁሉ የተከበረ ነው አልልም። ዘይት በተቀየረ ማግስት ‹‹ሰርቪስ ደርሷል›› እያለች የምትጨቀጭቅ ሞተር ሳይክል አለች፤ ቆጣሪዋን ወደ ዜሮ መመለስ ተረስቶ ነው። የጎማ አየር የሚለካው ሴንሰርም በድሬዳዋ ሙቀት የተነፋ ጎማ ሐረር ብርድ ላይ ሲያድር አየሩ መቀነሱን አይቶ ጠዋት ይከስሳል። በእነዚህ ላይ ናስትሮ ቢለጥፍ ዳኛ ፊት ቆሜ እመሰክርለት ነበር። እሱ ግን የመረጠው ዘይትና ፍሬን ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ትንሽ ላቁመው። በዚህ ከተማ ስለ ማስጠንቀቂያ መቀለድ የሚቻለው እስከ ደቻቱ ወንዝ ድረስ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በደጋው የዘነበው ዝናብ በዚያ ደረቅ አሸዋ ወርዶ ሰውን በተኛበት ወሰደው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቤተሰቡን ያጣ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ፤ ሰማዩ ወደ ተራራው ሲጠቁር የማይተኛ ሰው አለ። በዚያ ሌሊት የሚጮኽ፣ ሰውም የሚያምነው አንድ ነገር ቢኖር ኖሮ! አሁን ግን ይህ ደወል በየሌሊቱ ለድመት እየጮኸ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ትራስ መገልበጥ አስተምሮናል። ልጆቻችን ሳይረን ሰምተው መተኛትን ከሕፃንነታቸው እየለመዱ ነው። እውነተኛው የመጣ ቀን ማን ይነሣል? ማን ነው የሚነሣው? ይህ አያስቀኝም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ዋናውን ገድል ገና አልነገርኳችሁም። ሞተር ሳይክሏ አንድ ጊዜ ተሰርቃ ታውቃለች።

ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰው ጥላውን ይዞ ጫቱን ይዞ ጨዋታ የያዘበት ሰዓት። ጎረቤቴ ሻይ ቤት ደጅ አቁሟት ገባ። ደወል አላትና መሪዋን እንኳ አልቆለፈም። አንድ ወጣት መጥቶ መሪዋን ያዘ። ጮኸች። ወጣቱ አልሮጠም፤ ገፋት። የባሰ ጮኸች። በጥላው የተቀመጡት ሁሉ ጆሯቸውን ይዘው ‹‹ኧረ አቦ፣ አጥፋልን!›› አሉት። ‹‹ሪሞቱ ባትሪ ጨርሶ እኮ ነው፤ ጋራዥ ልወስዳት ነው›› አለ ላቡን እየጠረገ። አዘኑለት። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ከኋላ ገፉለት። አንድ አዛውንት ‹‹ይሄ ፀሐይ ይጎዳሃል ልጄ›› ብለው ከኮዳቸው ውሃ አጠጡት። አንድ የባጃጅ ሾፌር ባጃጁን ወደ ኋላ መልሶ መንገድ ለቀቀለት። እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ ሸኝተውት ተመለሱና እጃቸውን እያራገፉ ‹‹እፎይ!›› ብለው ተቀመጡ። ጎረቤቴም ከውስጥ ሆኖ ሻዩን እያማሰለ ‹‹እንዲህ የምትረብሸው የማን ናት?›› ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ።

ሌባው ሳጥኗን ነቅሎ ጣለ፣ ገመድ አገናኝቶ አስነሣ፣ ወደ ሐረር ነዳ። የደንገጎን ዳገት የሄደበት ያውቀዋል። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 1,885 ሜትር ላይ ወዳለችው ሐረር የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ እዚያ ጥምዝምዝ ላይ ይፈትናል፤ በከባድ መኪኖች መካከል፣ በትንሽ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጋለ ነው የሚወጣው። ቀይዋ መብራት በርታለች፤ ለዚህ እምላለሁ። ከናስትሮው ሥር ሆና የምትችለውን ያህል በርታለች። ሌባው በምን ይያት? ከጥምዝምዙ በአንዱ ላይ ሞተሩ ነከሰ፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ተጣብቆ ቀጥ አለ። ሌባው ባለቤቷን እየረገመ በእግሩ ሄደ። ሞተር ሳይክሏ በማግስቱ እዚያው መንገድ ዳር ተገኝታ በአይሱዙ ተጭና መጣች።

ፋብሪካዎች ሌባ ለመከላከል ስንት ገንዘብ ያፈስሳሉ! ሌባውን ያስቆመው ግን የሃምሳ ብር ናስትሮ ነው።

ጎረቤቴም ከነገሩ ተምሯል። ሞተሩ በብዙ ብር ታድሶ ሲመለስ ሜካኒኩ ናስትሮዎቹን ልጧቸው ነበር። ቁልፉን ሲከፍት ቀይዋ በራች። ሞተሩ ተነሥቶ እስክትጠፋ እንኳ ሳይጠብቅ እየገፋ ወደዚያው ኤሌትራውቶ ወሰዳት፤ አሁን ያሉት ናስትሮዎች አዲስ ናቸው። ለምን እንደተሰረቀችም አጥንቶ ደርሶበታል። ጥፋቱ የደወሉ ነው። የፊተኛው ሦስት ድምፅ ብቻ ነበረው።