ስፔክትረም ያልተነሳለትን ብሌዛር «ለይተነዋል» አንበል

የናሳ የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ ፈርሚ ሰኔ 4 ቀን 2000 ዓ.ም. ከመጠቀ ወዲህ በየሦስት ሰዓቱ መላውን ሰማይ ይቃኛል። የመጀመሪያዎቹን 8 ዓመታት መረጃ የያዘው አራተኛው ካታሎጉ 5064 ምንጮችን መዝግቧል። ከ3100 የሚበልጡት ብሌዛሮች ናቸው፤ ማለትም መሃላቸው ላይ ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጄት የሚባለውን የቁስ ጅረት ለብርሃን በተጠጋ ፍጥነት የሚወረውርባቸው፣ ጅረቱም ወደ ምድር የዞረባቸው ጋላክሲዎች። 1336 ምንጮች ግን ከየትኛውም ከሚታወቅ የሰማይ አካል ጋር አልተያያዙም። ከሚልኪ ዌይ ዝርግ ራቅ ብለው የሚገኙ 2863 ንቁ ጋላክሲዎችን የያዘው ተጓዳኝ ዝርዝርም አለ። በእሱ 655ቱ ጠፍጣፋ የሬዲዮ ስፔክትረም (ጨረሩ በሞገድ ርዝመት ሲዘረዘር የሚታየው ቅርጽ) ያላቸው ኳዛሮች፣ 1067ቱ ቢኤል ላክ የሚባለው ሌላው የብሌዛር ዓይነት፣ 1077ቱ ደግሞ «ዓይነቱ ያልተረጋገጠ ብሌዛር» ተብለው ተመድበዋል። ከሁሉም የሚበዛው ያልተረጋገጠው ነው።

ይህን ክፍተት በማሽን ለርኒንግ (ከምሳሌዎች ተምሮ በሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም) የመሙላት ልማድ እየተስፋፋ መጥቷል። ፕሮግራሙ የጋማ ጨረሩን ቅርጽና መዋዠቅ አይቶ «ይህ 90 በመቶ ቢኤል ላክ ነው» ይላል፤ ቀጣዩ ጥናት ደግሞ ያንን ግምት እንደ ተረጋገጠ ነገር ይዞ ሲቆጥር ይገኛል። ግምቱ የትኛውን ምንጭ አስቀድመን እንመልከት ለሚለው ጥያቄ በጣም ይጠቅማል። መለየት ግን አይደለም። ፕሮግራሙ የተማረው ስፔክትረም ከተነሳላቸው ደማቅ ምንጮች ሲሆን የሚፈርደው ደብዛዛዎቹ ላይ ነው፤ ደብዛዛዎቹ ደግሞ የደማቆቹ ትንሽ ቅጂ ስለመሆናቸው ዋስትና የለም። ከሁሉም በላይ ርቀት አይነግረንም። ርቀቱ ካልታወቀ ምንጩ የሚረጨው ኃይል አይሰላም፤ ኃይሉ ካልተሰላ ደግሞ ብሌዛሮች በሰማዩ የጋማ ጨረር ዳራ ውስጥ ያላቸው ድርሻ የተንጠለጠለ ነው።

ርቀቱንም ዓይነቱንም የሚሰጠን የጋላክሲው የሚታይ ብርሃን በሞገድ ርዝመት ተዘርዝሮ ሲነበብ ነው። ኳዛር ከሆነ በጥቁር ጉድጓዱ ዙሪያ በፍጥነት የሚሽከረከረው ጋዝ ሰፋፊ የልቀት መስመሮች ያሳያል፤ የካርበን በ1549፣ የማግኒዥየም በ2800፣ የሃይድሮጅን በ4861 እና በ6563 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሚሊሜትር አስር ሚሊዮንኛ ነው)። ቢኤል ላክ ከሆነ የጄቱ ብርሃን ሁሉን ስለሚውጥ ስፔክትረሙ ልሙጥ መስመር ይመስላል። ቢበዛ ከአስተናጋጁ ኤሊፕቲካል (ሞላላ) ጋላክሲ ከዋክብት የመጡ የመምጠጥ መስመሮች፣ ማለትም ብርሃን የጎደለባቸው ጠባብ ቦታዎች ይታያሉ፤ የካልሲየም ጥንድ በ3934 እና 3968፣ የማግኒዥየም በ5175፣ የሶዲየም በ5892።

መለያው ድንበር 5 አንግስትሮም ነው። የመስመሩ ጉልበት ከጀርባው ብርሃን አንጻር ተለክቶ፣ በሬድሺፍት (ምንጩ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ቀይ መሳቡ) የመጣው መለጠጥም ተቀንሶለት ከዚህ ካነሰ ምንጩ ቢኤል ላክ ይባላል። ድንበሩ ለሥራ የተመቸ ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ለምድቡ ስሙን የሰጠው ቢኤል ላሰርታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 ከ5 አንግስትሮም የሚበልጥ ሰፊ የሃይድሮጅን መስመር አሳይቶ ከገዛ ምድቡ ወጥቶ ነበር። ጄቱ ሲደምቅ መስመሩ ይዋጣል፣ ሲደበዝዝ ብቅ ይላል። ስለዚህ «ቢኤል ላክ ነው» የሚል ዘገባ ምንጩ በታየበት ምሽት የነበረውን ድምቀት ካልያዘ ግማሽ ዘገባ ነው።

አሠራሩ ላይ ብዙ ምሽቶች የሚባክኑት ገና ቴሌስኮፑ ሳይከፈት ነው። የፈርሚ የአቀማመጥ ስሕተት ለደብዛዛ ምንጮች በርካታ የቅስት ደቂቃዎች (አንዱ የዲግሪ ስልሳኛ) ስፋት ያለው ኤሊፕስ ነው፤ ውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ የሚታዩ አካላት ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በኤሊፕሱ ውስጥ ጠፍጣፋ ስፔክትረም ያለው የሬዲዮ ምንጭ ይፈለጋል፤ ከዚያ የስዊፍት ሳተላይት የኤክስ ሬይ ምስል፤ ከዚያ የዋይዝ ሳተላይት የኢንፍራሬድ ቀለም። ጋማ ጨረር የሚለቁ ብሌዛሮች በዋይዝ የቀለም ሰንጠረዥ ላይ ከሌሎች ምንጮች ተለይተው በአንድ ጠባብ ሰቅ ላይ ይሰበሰባሉ። ሦስቱ ከተስማሙ በሬዲዮ የተለካው ቦታ ከአንድ የቅስት ሰከንድ ባነሰ ስሕተት ትክክለኛዋን ነጥብ ይጠቁማል። ይህን ያልጨረሰ ቡድን የጎረቤት ኮከብ ስፔክትረም አንስቶ ሊመለስ ይችላል።

ከ2 እስከ 4 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ለአብዛኞቹ ደማቅ ምንጮች ይበቃል፤ ደብዛዛዎቹ እንደ ደቡብ አፍሪካው ሳልት ወይም እንደ ላ ፓልማው ባለ10.4 ሜትር ጂቲሲ ያለ ግዙፍ መስታወት ይፈልጋሉ። ስሊቱ (ብርሃን ወደ መሣሪያው የሚገባበት ጠባብ ስንጥቅ) የምሽቱን የከባቢ አየር መንቀጥቀጥ ያህል፣ ከ1 እስከ 1.5 የቅስት ሰከንድ ይደረጋል። ከ3800 እስከ 9000 አንግስትሮም የሚሸፍን ዝቅተኛ ጥራት ያለው ግሪዝም (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመት የሚዘረዝረው የመሣሪያው ክፍል) ይመረጣል፤ መስመሩ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ከጥራቱ ይልቅ ሽፋኑ ይቀድማል። አንድ የ1 ሰዓት ተኩል ምስል ከመውሰድ የ30 ደቂቃ ሦስት ምስሎች ይሻላሉ፤ ኮስሚክ ሬይ (ከጠፈር የሚመጣ ቅንጣት) አንዱ ላይ የተወው ነጭ ነጥብ ሁለቱ ላይ ስለማይኖር ሐሰተኛ መስመር ሆኖ አያታልልም። የሞገድ ርዝመቱን የሚወስነው የአርገን ወይም የኒዮን መብራት ቴሌስኮፑ ከዒላማው ሳይነሳ መብራት አለበት። ቴሌስኮፑ ሲዞር መሣሪያው በራሱ ክብደት ስለሚታጠፍ፣ ማለዳ ላይ የተነሳ የመብራት ምስል ሚዛኑን በብዙ አንግስትሮም ሊያዛባ ይችላል።

ስሊቱ ወደ ዜኒት (ከራስ በላይ ወዳለው የሰማይ ነጥብ) በሚያመራው መስመር ካልዞረ ሌላ ጉዳት ይመጣል። ከባቢ አየሩ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አስበልጦ ስለሚያጥፍ፣ ምንጩ ወደ አድማስ ዝቅ ባለ ቁጥር ሰማያዊው ከስሊቱ ውጭ ይፈስሳል። ውጤቱ በውሸት የቀላ ስፔክትረም ነው። ያኔ የጄቱ ቁልቁለት በስሕተት ይለካል፤ በ4000 አንግስትሮም ያለው የካልሲየም ስብራትም ከእውነቱ የጠለቀ ይመስላል። ይህ ስብራት ለምደባ ስለሚያገለግል (ከ0.4 በታች ከሆነ ጄቱ አይሏል ይባላል) ስሕተቱ ቀጥታ ወደ ካታሎጉ ይገባል።

መስመሮቹን ማንበብ ላይ ብዙ ወጥመድ አለ። በ7600 አካባቢ የምድር ኦክስጅን የሚመጥጠው ሰፊ ሰቅ አለ፤ ሬድሺፍቱ 1.71 የሆነ ኳዛር ማግኒዥየሙ እዚያው ላይ ይወድቅና ይጠፋል። የሰማዩ የኦክስጅን መስመር በ5577 ላይ በደንብ ካልተቀነሰ ሬድሺፍቱ 0.41 አካባቢ የሆነውን ጋላክሲ የካልሲየም ጥንድ ይበላዋል። በ5890 እና 5896 የሚታየው የሶዲየም ጥንድ ብዙውን ጊዜ ከራሳችን ሚልኪ ዌይ ጋዝ የመጣ ነው። መቁረጫ ማጣሪያ ካልገባ ደግሞ በ3800 ያለው ብርሃን በ7600 ላይ ተደርቦ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ በአንድ መስመር ላይ ሬድሺፍት አለማወጅ ነው። ቢያንስ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ የታየው የሞገድ ርዝመት ለላቦራቶሪው ሲካፈል ሁለቱም አንድ ቁጥር መስጠት አለባቸው።

በዚህ ሥራ ትዕግሥት ምን እንደሚያስገኝ ቲኤክስኤስ 0506+056 የተባለው ብሌዛር ያሳያል። መስከረም 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ የተቀበረው መመርመሪያ አይስኪዩብ ከዚህ ብሌዛር አቅጣጫ የመጣ ከፍተኛ ኃይል ያለው ኒውትሪኖ (ቁስን ሳይነካ የሚያልፍ ጥቃቅን ቅንጣት) መዘገበ፤ ፈርሚም ብሌዛሩ በጋማ ጨረር ደምቆ አገኘው። ዓለም ሁሉ ተረባረበበት፤ ርቀቱ ግን በእርግጠኝነት አይታወቅም ነበር፣ ምክንያቱም ስፔክትረሙ ልሙጥ ነው። በጂቲሲ ለሰዓታት የተጠራቀመው ብርሃን በመጨረሻ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አወጣ፤ ኦክስጅን በ4981 እና በ6692፣ ናይትሮጅን በ8798 አካባቢ። ለላቦራቶሪው 3727፣ 5007 እና 6583 ሲካፈሉ ሦስቱም በ1.3365 ይስማማሉ፤ ከዚህ 1 ሲቀነስ ሬድሺፍቱ 0.3365 ነው። የመስመሮቹ ጉልበት 0.1 አንግስትሮም ገደማ ነበር፣ ከመለያው ድንበር 50 ጊዜ ያነሰ። በኋላም መስመሮቹንና የሬዲዮ ኃይሉን ያመዛዘኑ ጥናቶች ይህ «ቢኤል ላክ» በእርግጥ ጄቱ የሸፈነው ኳዛር ነው የሚል ክርክር አቀረቡ። ከጋማ ጨረሩ ቅርጽ ብቻ ተነስቶ እዚህ የሚደርስ ፕሮግራም የለም።

እንዲህ ያለ ጥልቀት ለእያንዳንዱ ምንጭ አይገኝም። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። የመሣሪያው ጥራት 10 አንግስትሮም፣ የሲግናልና የኖይዝ ምጣኔው (የምንጩ ብርሃን ከሚያዛባው ጫጫታ ጋር ሲነጻጸር) 20 ከሆነ በአስተማማኝ የሚለየው ትንሹ መስመር 1 አንግስትሮም ገደማ ነው። ምጣኔውን በእጥፍ ለማሳደግ የምልከታው ጊዜ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ጊዜ ከማራዘም ይልቅ ምንጩ የደበዘዘበትን ወቅት መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበልጥ ያዋጣል፤ ጄቱ በግማሽ ሲቀንስ ያው መስመር እጥፍ ጎልቶ ይታያል።

ያንን ወቅት የሚጠብቅ ግን ምንጩን በየጥቂት ምሽቱ የሚለካ ቴሌስኮፕ መኖር አለበት። ግዙፎቹ ለዚህ ጊዜ የላቸውም። እንጦጦ ላይ ያሉትን ዓይነት ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖች 15 ወይም 16 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) ያለውን ብሌዛር ድምቀት በደቂቃዎች ሊለኩ ይችላሉ፤ ለዚህ የአዲስ አበባ መብራት የሚያደበዝዘው ሰማይ እንኳ ሙሉ በሙሉ አያግድም። የፈርሚ መረጃ ለማንም ክፍት ስለሆነ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጋማ ጨረሩን መዋዠቅ ከዚያው ላይ ማንበብ ይችላል። «አሁን ደብዝዟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሳልት ተመልካቾች የሚደርስበት ሥርዓት ቢዘረጋ በእኔ እምነት ከአንድ ተጨማሪ የማሽን ለርኒንግ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ያስተምረናል።

መጽሔቶችም ድርሻ አላቸው። አንድ ምንጭ «ቢኤል ላክ» ተብሎ ሲታተም ከሥዕሉ ጋር የስፔክትረሙ ፋይል፣ የሲግናልና የኖይዝ ምጣኔው በሞገድ ርዝመት ተዘርዝሮ፣ ሊታይ ይችል የነበረው ትንሹ መስመር፣ የምሽቱ ድምቀትና የስሊቱ ስፋት አብረው ይታተሙ። ልሙጥ ስፔክትረምም ቢሆን ከእነዚህ ጋር ሲቀርብ መረጃ ነው፤ ሌላ ቡድን ከዓመታት በኋላ ከራሱ ጋር ደርቦ ጥልቀቱን ሊጨምርበት ይችላል። በካታሎጎቹ ውስጥም በስፔክትረም የተመደበውና በግምት የተመደበው በተለያየ ዓምድ ይቀመጡ፤ የብሌዛሮችን ብዛት የሚቆጥር ጥናትም የትኛውን ዓምድ እንደተጠቀመ በመጀመሪያው ገጽ ይናገር።