የቀረው ሁለት ቤት ነው

አዲስ አበቤ ሰው አያምንም የሚል ካለ ስም አጥፊ ነው።

እርግጥ ሽንኩርት ስንገዛ እንጠራጠራለን። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከሥር መዘን እናገላብጣለን። ሚዛኑን በዓይናችን ሰቅዘን ይዘን “ኧረ አንድ ጨምርበት” እንላለን። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ እናስመጣለን። የተያዡን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አስደርገን ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር እንሸጉጣለን። እቁብማ አይነሳ። የሰፈራችን እቁብ በሳምንት 2 ሺህ ብር ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። ዋሱም ገና ያልበላ መሆን አለበት። ዳኛው በዚህ ቀልድ አያውቁም።

ቤት ስንገዛ ግን ሌላ ሰው ነን። ልባችን ይሰፋል። ላልተቆፈረ ጉድጓድ፣ ለማናውቀው ሰው፣ ያላየነውን ውል ተማምነን 300 ሺህ ብር እናስገባለን። ተያዥ የለ፣ ዋስ የለ። ይሄ እምነት ካልሆነ እምነት ምንድን ነው?

እኔም ከአማኞቹ አንዱ ነኝና ምስክርነቴን ልስጥ።

ነገሩ የጀመረው ሜክሲኮ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። አንድ ልጅ የሪል እስቴት ድርጅት በራሪ ወረቀት ሰጠኝ። “ከመስቀል አደባባይ 7 ደቂቃ!” ይላል። (በኋላ እንደገባኝ፣ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከሆነና መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ከያዘ ልክ ነው።) ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እንኳ እንደነሱ አስባኝ አታውቅም። ጠዋት ይደወላል፣ ማታ ይደወላል። “ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ?” ቅዳሜ ሲሆን እጅ ሰጠሁና ለገሃር አካባቢ ወዳለው ቢሮ ሄድኩ።

ማኪያቶ ቀረበልኝ። መሐል ላይ፣ በመስታወት ጠረጴዛ፣ ማኬቱ ከነመብራቱ ቆሟል። አሥራ አራት ፎቅ። ዙሪያውን ትንንሽ ዛፍ፣ ከሥሩ የለመለመ ሳር። “በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ” ሲባል ሁልጊዜ በሬው ነው የሚወቀሰው። በሬው ግን ያየው የእውነት ሳር ነው። እኔ ያየሁት ፕላስቲክ ነው። ዘጠነኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የትንሿን ጣት ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ሰውዬ ቆማለች። እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ከተማውን ታያለች። ቀናሁባት።

“ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የቀረው ሁለት ቤት ነው” አለች ሴልሷ። “አንዱን የሚያይ ዲያስፖራ ከሰዓት ይመጣል።”

ይሄ ዲያስፖራ የሚገርም ሰው ነው። የትኛውም ቢሮ ብትሄዱ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ጠዋት የመጣበት ቀን የለም።

92 ካሬ ነው፣ ካሬው በ130 ሺህ። ውሉን ማየት እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እስካሁን አፍርበታለሁ። ልጅቷ ግን ጨዋ ነች፣ አልተቆጣችም። “ውሉ ሊጋል ጋ ነው። መጀመሪያ ማስያዣ ታስገባለህ፣ ሰኞ ታየዋለህ” አለችኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ። ሶፋው ላይ አንድ ጎልማሳ ፋይል አቅፈው ተቀምጠዋል። “ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ነው የገዙት?” አልኳቸው። “አዎ፣ ስድስተኛ ፎቅ” አሉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። የእርካታ መሰለኝ።

ባንኩ እዚያው ሕንጻ ምድር ቤት ነው። ሐሳብ ለመቀየር የሚበቃ መንገድ የለውም። አስገብቼ ስመለስ አንድ ገጽ ቅጽ ተሰጠኝ። ክብ ማህተም አለበት። እኛ ሀገር ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት ይታቀፋል እንጂ አይነበብም። አቅፌው ወጣሁ።

አትፍረዱብኝ። አክስቴ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበች። በ2005 ደግሞ እንደገና ተመዘገበች። ዛሬም ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። እንዲህ ካለ ቤተሰብ ለወጣ ሰው “ሰኞ” የሚል ቃል መስማት ሙዚቃ ነው።

ሰኞ የተባለው ውል በአምስተኛው ሰኞ መጣ። 23 ገጽ ነው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ካየነው የተዋጣለት ነው። ከ92 ካሬው 17ቱ ለካ ደረጃው፣ ሊፍቱና ኮሪደሩ ኖሯል። በ75ቱ እኖራለሁ፣ በ17ቱ እወጣለሁ እወርዳለሁ። ዋጋው ደግሞ ምንዛሪ በተለወጠ ቁጥር “ይስተካከላል”። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲሻገር ሁላችንም አይተናል። አልሚው አይቶ ውሉ ውስጥ ጻፈው። እኔ አይቼ ማኪያቶ ጠጣሁ። ቤቱ በ24 ወር ያልቃል፣ “ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ካልገጠመ”። ከአቅም በላይ ከሆኑት አንዱ ክረምት ነው። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ክረምት ድንገት ነው የሚመጣው። በየዓመቱ፣ ሰኔ ላይ። እኔ ክፍያ ባዘገይ ከመጀመሪያዋ ቀን ቅጣት አለ። እሱ ቢያዘገይ ስድስት ወር የችሮታ ጊዜ አለው። ችሮታው የኔ ነው ማለት ነው። ቸር መሆኔን ከውሉ ነው ያወቅኩት።

“አልፈርምም፣ ብሬን መልሱልኝ” አልኩ። “ማስያዣ እኮ ቀብድ ነው፣ ከተውከው ይቀርብሃል” ተባልኩ።

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ቢሮ ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ ሮጥኩ። ጠበቃ ነው።

“የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይናገራል” አለኝ። “አንቀጽ 1883፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል። 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል።”

“በቃ! ዋጋ ጨመሩ፣ ካሬ ቀነሱ፣ የተዉት እነሱ ናቸው። 600 ሺህ ይስጡኛ!”

ሳቀ። “እሱን ስትጠይቃቸው ቀብድ መሆኑ ይቀራል። ማስያዣ ብቻ ነው፣ ውል የለንም ይሉሃል። ለዚያውም አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም ይላል።”

“ውል ከሌለ ብሬን ይመልሱልኛ!”

“እሱን ስትጠይቅ ደግሞ ቀብድ ይሆናል።”

ቋንቋችን ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። አንድ 300 ሺህ ብር ጠዋት ቀብድ፣ ከሰዓት ማስያዣ። ዲያስፖራው እንኳ እንዲህ አይመላለስም።

“ዳኛ ፊት ይሄ ጨዋታ ላያዋጣቸው ይችላል” አለ የአክስቴ ልጅ። “ግን አንተ ምን ይዘሃል?”

“ቅጽ።”

“ምን ይላል?”

ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርግተን አነበብነው። መጨረሻው መስመር ላይ “ክፍያው ተመላሽ” ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን አየው። ክብ ማህተሙ ያረፈው “አይሆንም” የሚለው ቃል ላይ ነው። እንዲህ አነጣጥሮ ማህተም የሚመታ እጅ ሊሸለም ይገባል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ ደግሞ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። በ2017 ፓርላማው ስለ ሪል እስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት ራሱን የቻለ አዋጅ አጽድቋል። ደስ ይላል። ግን አንድ ገጽ ቅጽ ሳላነብ 300 ሺህ የከፈልኩ ሰውዬ ነጋሪት ጋዜጣ ገልጬ ላነብ ነው? ሰው አቅሙን ማወቅ አለበት።

አሁን ስድስት ወር ሆነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ። “ፋይናንስ ፊልድ ወጥቷል።” “ሲስተም የለም።” “ማኔጀሩ ስብሰባ ናቸው።” ባለፈው ማክሰኞ ግን ተስፋ ተሰጠኝ። አሥር በመቶ “አስተዳደራዊ ወጪ” ተቀንሶ ሊመለስልኝ ይችላል። 30 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ማኪያቶዋ ውድ ነበረች።

ሶፋው ላይ የስድስተኛ ፎቁ ጋሼ አሉ። “መጣህ? ና ተቀመጥ” ብለው ፋይላቸውን ወደ ጭናቸው ሳቡልኝ። የኔንም ፋይል አቀፍኩ። ማኬቱ አቧራ ይዟል። አንዷ ዛፍ ወድቃለች። ያቺ ሰውዬ ግን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ናት፣ እጇም ከኪሷ አልወጣም። ከሁላችን ቀድማ ገብታ፣ ሳትከፍል ትኖራለች።

በሩ ተከፈተና ወጣት ባልና ሚስት ገቡ። ሚስትየው ነፍሰ ጡር ናት። ማኪያቶ ቀረበላቸው።

“ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የቀረው ሁለት ቤት ነው” አለች ሴልሷ። ከሁለቱ አንዱ የኔ መሆን አለበት።

ባልየው ወደ ሶፋው ዞረ። “ብራዘር፣ አንተም እዚህ ነው የገዛኸው?”

“አዎ፣ ዘጠነኛ ፎቅ” አልኩና ሳላስበው ረጅም ትንፋሽ ወጣኝ። ጋሼ በጎን አዩኝ። ቀሪውን ልነግረው አፌን ስከፍት “ፋይናንስ ገብቷል፣ ባለ ተራ!” ተባለ። ስድስት ወር የጠበቅኩት ቃል ነው፣ ዘልዬ ተነሳሁ።

ሚስትየው ከኋላዬ “አየህ፣ ሰውዬው ቁልፍ ሊቀበል ነው” ስትለው ሰማኋት። ከዚያ ባልየው ባንኩ የት እንደሆነ ጠየቀ።