ገንዘቡን የወሰደው እያለ ተበዳሪው ለምን ያመልክታል?

የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍሲኤ፣ መኪና በዱቤ ሲገዙ አበዳሪው ለመኪና ሻጩ የሚከፍለው ኮሚሽን ሳይነገራቸው የታሰበባቸው ሰዎች የሚካሱበትን ረቂቅ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ካወጣ ወዲህ የአበዳሪዎቹ እሮሮ ማቆሚያ አጥቷል። ረቂቁ ከኤፕሪል 2007 ጀምሮ የተፈረሙ ውሎችን ይመለከታል። ተቆጣጣሪው ካሳ ሊከፈልባቸው ይችላል ብሎ የገመታቸው ውሎች 14 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ለአንድ ውል የሚደርሰው ካሳ በአማካይ ወደ 700 ፓውንድ እንደሚሆን በረቂቁ ተገምቶ ነበር። የአበዳሪዎቹ ማኅበር በበኩሉ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚሁ የመኪና ኮሚሽን ጉዳይ በኦገስት 2025 ፍርዱን ከሰጠ ጊዜ አንሥቶ የሙጥኝ ያለው መከራከሪያ አለው፤ እስከ 2007 ወደ ኋላ መሄድ አያዋጣም፣ ኩባንያዎቹ የዚያን ዘመን መረጃ አልያዙም፣ ያለውም የተቆራረጠ ነው ይላል።

ይህ መልስ ለሚሰማው ሰው አዲስ አይደለም። ፒፒአይ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ ተበዳሪው ቢታመም ወይም ሥራ ቢያጣ ብድሩን ይከፍልለታል የሚባለው የብድር ክፍያ መድን ያለ አግባብ የተሸጠባቸው ሰዎች፣ ገንዘባቸውን ለማስመለስ የባንክ ደጅ በጸኑባቸው ዓመታት ሁሉ የተሰጣቸው መልስ ይኸው ነበር፤ መረጃው የለም፣ ውሉ አልተገኘም፣ ጊዜው አልፏል። ያኔ የተናገሩት ባንኮች ስለነበሩ ብዙ ሰው አምኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

መረጃ የለም የሚለው ቃል ምን ያህል እምነት እንደሚገባው ከክላይድስዴል ባንክ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ተቆጣጣሪው በኤፕሪል 2015 ይህን ባንክ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲቀጣው ከዘረዘራቸው ጥፋቶች አንዱ የሚከተለው ነው። የፋይናንስ እንባ ጠባቂው ስለ አንድ ደንበኛ ማስረጃ እንዲላክለት ሲጠይቅ፣ ቅሬታ ከሚመለከቱት የባንኩ ሠራተኞች መካከል አንድ ቡድን፣ ከኮምፒውተር የወጣውን ወረቀት ባንኩ ምንም ሰነድ እንደሌለው አስመስሎ ይለውጠው ነበር። ደንበኛው ከባንኩ የገዛቸውን አገልግሎቶች በሚዘረዝረው ሌላ ወረቀት ላይም ፒፒአይን የሚመለከተውን ሁሉ ይሰርዝ ነበር። የበላይ ኃላፊዎቹ ይህን እንዳላወቁና እንዳልፈቀዱ ተመዝግቧል፤ ይሁንላቸው። ለአመልካቹ ግን ልዩነት አልነበረውም፤ መረጃው በባንኩ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እርሱ የተነገረው የለም ተብሎ ነው።

በዚያው ዓመት በጁን ወር ሎይድስ ባንክ 117 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ጥፋቱ ደግሞ የባሰ ይመስለኛል፤ የፒፒአይ ቅሬታ መርማሪዎቹ የሽያጩ አሠራር እንከን የለሽ ነበር ከሚል መነሻ እንዲጀምሩ ተነግሯቸው ነበርና። ደንበኛው አልተነገረኝም ብሎ ሲጽፍ መርማሪው ገና ፋይሉን ሳይከፍት ተነግሮታል ብሎ እንዲነሣ ታዟል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሸንጎ ፊት ማስረጃህን አምጣ መባል ምን ፋይዳ እንዳለው አበዳሪዎቹ ይንገሩን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ተቆጣጣሪው ባቀረበው ረቂቅ መሠረት፣ ዕቅዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቅሬታ ያቀረበ ሰው አልፈልግም ካላለ በቀር ጉዳዩ ይታይለታል። ቅሬታ ያላቀረበው ግን ከአበዳሪው ደብዳቤ ይደርሰውና ጉዳይህ እንዲታይ ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ካልመለሰ በዚያው ይቀራል። ለጆሮ ጨዋነት የሚመስለው ይህ ጥያቄ፣ የማይገባውን ገንዘብ የወሰደ ወገን የተወሰደበትን ሰው ልመልስልህ ወይ ብሎ የሚጠይቅበት፣ ዝምታውንም እንደ ምሕረት የሚቆጥርበት ሥርዓት ነው። ከፒፒአይ ምንም አልተማርንም ማለት ነው።

በፒፒአይ ዘመን የሆነውን እናስታውስ። የተሸጡት የመድን ውሎች እስከ 64 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል። አብዛኛዎቹን የሸጠው የታወቀ ባንክ ወይም አበዳሪ ነው፤ አረቦኑን የሰበሰበውም፣ ኮሚሽኑን በሂሳብ መዝገቡ ያስገባውም፣ ግብሩን የከፈለበትም እርሱ ነው። ሆኖም ገንዘቡ እንዲመለስ ሲወሰን፣ ፈልጎ የማግኘት ሸክሙ በአብዛኛው የወደቀው ተሸጦለት ስለ መኖሩ እንኳ በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ቀነ ገደብ ተቆረጠለት፤ ኦገስት 29 ቀን 2019። ቀኑ መድረሱን ለማሳወቅም ተቆጣጣሪው ባንኮቹ በከፈሉት 42 ሚሊዮን ፓውንድ የአርኖልድ ሽዋርዘኔገርን የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ጭንቅላት በየቴሌቪዥኑ አስጮኸው። ሚሊዮኖችን በስማቸውና በአድራሻቸው የሚያውቅ ባንክ፣ ለእነዚያው ሰዎች ቼክ ጽፎ በመላክ ፋንታ የፊልም ተዋናይ ጭንቅላት እባካችሁ አመልክቱ ሲል እንዲውል መክፈሉን ያየ ሰው መሳቅ ነው ወይስ መናደድ ያለበት?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በፒፒአይ ግን የተወጋው መወጋቱን አላወቀም ነበር፤ የሚያውቀው የወጋው ብቻ ነው። መድኑ በወርሃዊ መግለጫው ላይ ሁልጊዜ በአንድ ስም አይጻፍም፤ አንዱ ባንክ የብድር ጥበቃ ይለዋል፣ ሌላው የክፍያ ሽፋን ይለዋል፣ ሦስተኛው በሦስት ፊደል አሳጥሮ ከወለዱ ሥር ይሰነቅረዋል። ለንደን ውስጥ ሚኒካብ የሚነዱ አንድ የማውቃቸው አባት መኪና ለመግዛት ከአንድ ባንክ ሲበደሩ እንዲህ ያለ መስመር በውላቸው ላይ ነበረ። ሰውየው በግል ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ የፒፒአይ ውሎች ደግሞ ሥራ አጥነትን በሚመለከት በግል ሥራ የሚተዳደረውን ሰው ከሽፋን ውጪ ያደርጉ ነበር። ሥራ ቢያጡ የማይከፍላቸውን መድን፣ ሥራ ቢያጡ ይደርስልዎታል ተብለው በየወሩ ከፈሉ። በኋላ ገንዘባቸውን ያገኙት ወረቀት የማይጥሉ ሰው ስለሆኑ ብቻ ነው፤ እንደ እርሳቸው ያሉ ነገር ግን ሦስት ጊዜ ቤት የቀየሩ፣ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ሳይከፍቱ የሚያቆዩ ስንት ሰዎች አሉ? ለእነዚህ ሰዎች አዎን ብለው ካልመለሱ ምንም የማይሰጥ ደብዳቤ መላክ ካሳውን ከነጭራሹ ከመከልከል ብዙም አይለይም።

አበዳሪ ሰው መፈለግ ያቅተዋል የሚለውን ደግሞ ለማንም ይንገሩት። ተበዳሪ የአንድ ወር ክፍያ ቢያጓድል አድራሻውን ለማግኘት የተቸገረ ባንክ አላውቅም። ስልኩን ያገኙታል፣ አዲሱን ቤቱን ያገኙታል፣ ዕዳውን ለሰብሳቢ ኩባንያ ሲሸጡትም ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ይሸጣል። መረጃ የሚቆራረጠው ገንዘብ ሲሰበሰብ ሳይሆን ሲመለስ መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው።

ይህ ንግድ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2014 በፓራጎን ኩባንያ ላይ የሰጠውን ፍርድ ያንብብ። ከሳሿ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ የኮሌጅ መምህርት ናቸው። በ2006 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ10 ዓመት የሚከፈል 34,000 ፓውንድ ሲበደሩ 5,780 ፓውንድ የፒፒአይ አረቦን ተጨመረባቸው፤ አረቦኑ ከብድሩ ጋር ተደምሮ ወለድ ወለደ። ብድሩ የ10 ዓመት፣ መድኑ ግን የ5 ዓመት ነበር። ከ5,780ው ፓውንድ ለመድን ሰጪው የደረሰው 1,630 ብቻ ነው፤ 1,870ው ለደላላው፣ 2,280ው ለአበዳሪው ለራሱ ገባ። 71.8 በመቶው ኮሚሽን ነበር ማለት ነው። ኮሚሽን እንደሚከፈል ተጠቁሞላቸዋል፤ መጠኑን ግን የነገራቸው የለም። ፍርድ ቤቱም ይህን መደበቅ የተበዳሪዋንና የአበዳሪውን ግንኙነት ፍትሐዊ ያልሆነ እንዳደረገው ወሰነ።

ተቆጣጣሪው ከዚህ ፍርድ ያወጣው ደንብ ምን አለ? ኮሚሽኑ ከ50 በመቶ ካለፈ ባንኩ ከ50 በላይ ያለውን ይመልስ። የመጀመሪያው ግማሽ፣ በድብቅ የተወሰደ ቢሆንም፣ ለባንኩ ይቅር። ሸማቹን እንዲጠብቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ግማሹን ለወሳጁ መርቆ ሲሰጥ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያለው ሰው ትዝ ይላል። በመኪናው ረቂቅም ያው እጁ ይታያል፤ በፒፒአይ ካሳ ላይ 8 በመቶ ወለድ ይታሰብ የነበረው በዚህኛው የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ መነሻ ወለድ አማካይ ሲደመር 1 በመቶ ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ገበያው ይናጋል፣ ብድር ይወደዳል የሚለውን ማስፈራሪያ ብዙ አልዘገይበትም። ባንኮቹ በ2011 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የፒፒአይን ደንብ በፍርድ ቤት ተቃውመው ከተሸነፉ በኋላ 38 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ከፍለዋል፤ አንድም ታላቅ ባንክ በዚህ ምክንያት በሩን አልዘጋም። የገንዘብ ሚኒስቴሩም ይኸው ማስፈራሪያ ገብቶት በመኪናው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ ለመከራከር ጠይቆ ነበር፤ በፌብሯሪ 2025 ተከለከለ፣ ተገቢም ነበር።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ፒፒአይ ገዝተው የማያውቁ ሰዎች ስም በጅምላ ወደ ባንክ የላኩ ካሳ አስመላሽ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ስልካችን ያላረፈበትን ዘመን ያስታወሰ ሁሉ ያውቃቸዋል። ነገር ግን እነዚህን ኩባንያዎች የወለዳቸው ካመለከትክ ትከፈላለህ የሚለው ሥርዓት ነው። ሰው ራሱ ማመልከት ሲከብደው ወኪል ይፈልጋል፤ ወኪሉም ድርሻውን ይወስዳል። በ2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ድርሻው 20 በመቶና የተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ እስኪገደብ ድረስ ከሰውየው ገንዘብ ሲሶውንና ከዚያም በላይ የሚወስዱ ነበሩ። ባንኩ ሳይጠየቅ ቢመልስ ኖሮ ለእነርሱ የሚቀር ሥራ አልነበረም። ዛሬ አበዳሪዎቹ በእነዚሁ ኩባንያዎች ላይ ጣታቸውን ሲቀስሩ፣ እንጀራውን የጋገሩላቸው እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውን መርሳት የለባቸውም።

ስለዚህ ተቆጣጣሪው አመልካቹንና ዝም ያለውን የሚለየውን የረቂቁን ክፍል ይሰርዘው። ሁሉም ውል ይታይ፤ ካሳ የሚገባው ሁሉ፣ አልፈልግም ብሎ ካልጻፈ በቀር፣ ይከፈለው። መረጃ የለኝም የሚል ኩባንያም መረጃው አለመኖሩን የማስረዳት ሸክሙ በእርሱ ላይ ይሁን፤ ካላስረዳ የተበዳሪው ቃል ይጽና። ወርሃዊ ክፍያው ሲቆረጥበት የኖረው የሂሳብ ቁጥር በአበዳሪው መዝገብ ካለ ካሳው እዚያው ይግባ፤ ሂሳቡ ተዘግቶ ከተገኘ ያኔ ደብዳቤ ይጻፉ።