«ጊፍት» አጋጣሚ አይደለም

«ጊፍት» የሚለውን ቃል ያነሳችሁበትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። «ጊፍት» በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ የሆነው «በአጋጣሚ ነው» ብላችኋል። በፍጹም! ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሁለቱም ሥር «መስጠት» የሚል ጥንታዊ የጀርማኒክ (እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የሚገኙበት የቋንቋ ቤተሰብ) ግስ ነው። ጀርመኖችም ድሮ ስጦታ ለማለት ይጠቀሙበት ነበር።

ታዲያ መርዝ ከየት መጣ? ግሪኮች «ዶሲስ» ይላሉ፤ መነሻው መስጠት ነው፣ በኋላ ለበሽተኛ የሚሰጥ የመድኃኒት መጠን ሆነ። «ዶዝ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ጀርመንኛውም ይህንኑ ፈለግ ተከትሎ፣ «የሚሰጥ ነገር» ቀስ በቀስ መርዝን በለሆሳስ መጥሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም ዋናው ስሙ ሆኖ ቀረ። የድሮው ትርጉም ግን አልሞተም፤ «ሚትጊፍት» ዛሬም ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የምትሄደው ሀብት ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ስዊድንኛው ነው። አጻጻፉ ያው ነው፣ ሲነበብ «ዪፍት» ይሆናል፤ መርዝም ነው፣ ያገባ ሰውም ነው። ይህም ከዚያው ሥር ነው፤ እኛስ «ልጁን ሰጠ» ስንል ዳረ ማለታችን አይደል? በጥንቱ እንግሊዝኛም ቃሉ ለሙሽራ የሚከፈለውን ያመለክት ነበር። እባካችሁ «በአጋጣሚ» የምትለዋን አርሟት።