ሴት ስፖርተኞችን በግማሽ ቀን ደግፎ መጨረስ

ለማርች 8 (የካቲት 29) የሴቶች ስፖርት ድጋፍ በተሰቀለው ባነር ላይ ነጭ ኮፍያ ያጠለቀች፣ ወገቧን ጠምዝዛ ቆልማማ ዱላ ወደ ሰማይ የሰነዘረች ሴት ትታያለች። ጣና ዳር ባጃጅ ከሚጠብቀው ሕዝብ ግማሹ "ገና እየተጫወተች ነው" አለ፤ ግማሹ "ማን ሴት ገና ያጫውታል!" ብሎ ተከራከረ። ሴትዮዋ ጎልፈኛ ናት፤ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታች ጉድጓድ ውስጥ የምታስገባ። ባነር ሠሪው ኢንተርኔት ላይ "ሴት ስፖርተኛ" ብሎ ፈልጎ ጥራቷ ደህና የሆነችውን አነሣ፤ ኮሚቴውም ሎጎዎቹ በማዕረግ ቅደም ተከተል መቀመጣቸውን አይቶ አጸደቀ።

ደግ አደረጉ። እሷንና መሰሎቿን ማን እንዴት እንደሚደግፋቸው፣ እኛ ደግሞ የራሳችንን እንዴት እንደምንደግፍ አነጻጽረን የምንኮራበት አጋጣሚ ተገኘ።

የጎልፈኞቹ ነገር ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1950 አሥራ ሦስት ሴቶች ሆነው አሜሪካ ውስጥ ኤልፒጂኤ የሚባለውን የሴት ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር ሲያቋቁሙ "እስቲ መጀመሪያ ባነር አሠሩ" ብሎ የመከራቸው አልነበረም። ቤብ ዛሃሪያስ፣ ፓቲ በርግ፣ ሉዊዝ ሰግስና ጓደኞቻቸው መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ከከተማ ከተማ ዞሩ። መተዳደሪያ ደንቡን ራሳቸው ጻፉ፤ ሜዳውን ራሳቸው አሰናዱ፤ ቦክስ ግጥሚያ መሃል ገብተው ሪንግ ላይ ወጥተው "ነገ ኑና እዩን" እያሉ ተመልካች ለመኑ። የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ሽልማት፣ 14ቱም ውድድር ተደምሮ፣ 50,000 ዶላር ነበር። ዛሬ የዓመቱ ሽልማት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ይባልልናል፤ ግን እዚያ ለመድረስ ስንት ዘመን ፈጀ? እኛ ባሕር ዳር ላይ ሴት ስፖርተኞችን ደግፈን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃናል፤ እሱም ሻይ ቡናው ተጨምሮ።

አሠራሩን ለማያውቅ እንዘርዝርለት። የካቲት 29 አሥር ቀን ሲቀረው ኮሚቴ ይቋቋማል። ከሥሩ የቅስቀሳ፣ የመስተንግዶ፣ የመድረክና የቲሸርት ንዑሳን ኮሚቴዎች ይወጣሉ። የጨዋታ ንዑስ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ልጆቹ መጫወት ያውቃሉ። ባነሩ 6 ሜትር በ3 ይሆናል። ከጣና የሚነሣው ነፋስ እንደ ሸራ ነፍቶ ምሰሶውን እንዳይነቅለው በምላጭ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች ይበሱበታል፤ ቀዳዳው የኃላፊ ስም ላይ እንዳያርፍ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ የተጫዋች ፊት ላይ ካረፈ ችግር የለውም። ዓመተ ምሕረቱ ቀኝ ጥግ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሦስት ጣት ወረቀት ተሸፍኖ አዲሱ ቁጥር እንዲለጠፍበት። ባለፈው ነፋስ ወረቀቱን ገንጥሎት በዓሉ በአንድ ጊዜ የሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። ያም ቁጠባ ነው።

ቲሸርቱ የጉዳዩ እምብርት ነው። ልኩ እንዲህ ነው፦ ለ22 ተጫዋች 300 ቲሸርት። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ ማተሚያ ቤት የሚገባው ዋዜማ ላይ ስለሆነ ቀለሙ ሳይደርቅ ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ "ሴቶችን እናብቃ" የሚለው ጽሑፍ ጀርባው ላይ ተገልብጦ ይታተማል። መጠኑ ሁሉም ኤክስ ኤል ነው፤ የክብር እንግዶች ቦርጭ ታስቦ። የ15 ዓመቷ ክንፍ ተጫዋች ስትለብሰው ጉልበቷ ድረስ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለፎቶ ትለብሰዋለች፣ ለጨዋታ ታወልቀዋለች።

አሁን ወደ ምስኪኖቹ ጎልፈኞች እንመለስ። እዚያ ስፖንሰር የሚባል ሰው ኑሮው አያስቀናም። ስሙ ውድድሩ ላይ እንዲጠራ ከፈለገ ብዙ ጊዜ የዓመታት ውል ይፈርማል፤ ሽልማቱ ስንት እንደሆነም ገና አንድ ኳስ ሳይመታ በአደባባይ ይነገራል። ቃል ከገባ በኋላ የሚያስብበት ጊዜ እንኳ አይሰጠውም! ለምሳሌ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን የሚባለው ትልቅ ውድድር ሽልማት 12 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ 12 ሚሊዮን ተከፈለ፤ አሸናፊዋ ጃፓናዊት ዩካ ሳሶ 2.4 ሚሊዮኑን ወሰደች። የዚያው ዓመት የወንዶቹ ኦፕን 21.5 ሚሊዮን ነበርና "እኩል አልሆንንም" ብለው ዛሬም ይነታረካሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ንትርክ የለም። ለሴቶቹ ስንት እንደወጣ በቁጥር የጻፈ ሰው ስለሌለ ልዩነቱም አይታወቅም፤ የማይታወቅ ልዩነት ደግሞ ልዩነት አይደለም።

የእኛ ቼክ ከእነሱ ይበልጣል፤ በቁመት። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ካለው ፎም ይሠራል፤ ለአራት ሰው መያዣ የሚሆን ስፋት ይኖረዋል። "በአኃዝ" የሚለው ሳጥን ባዶ ይተዋል። "በፊደል" በሚለው መስመር ላይ "ከጎናችሁ ነን" ይጻፋል። ላም አለኝ በሰማይ የሚል ምቀኛ አይጠፋም፤ ቢሆንም ይህን ቼክ ባንክ መልሶት አያውቅም፤ ወስዶት የሄደ የለማ።

ከሁሉ የከፋው የውድድሩ ሳምንት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ "ፕሮ-አም" የሚሉት ነገር አለ፤ የስፖንሰሩ ሥራ አስኪያጆችና ደንበኞቻቸው ከባለሙያዎቹ ሴቶች ጋር 18ቱን ጉድጓድ ይጫወታሉ። አንዲት ባለሙያ ለሦስት ወይም ለአራት አማተር ትመደባለች፤ ለሰዓታት አብራቸው ትሄዳለች፤ ዱላ አያያዝ ታሳያቸዋለች፤ ኳሳቸው ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ አብራ ትፈልጋለች፤ ስማቸውን ትይዛለች። የሴቶች ጎልፍ ለስፖንሰር የሚሸጠው ዋናው ዕቃ ይኼ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሁለተኛ ነው የሚሉም አሉ። ልብ በሉ፦ ትልቁ ሰው ከፍሎ ነው ሴቶቹ አጠገብ የሚቆመው። ምን ዓይነት ውርደት ነው? እኛ ጋ ትልቁ ሰው ሴቶቹ አጠገብ ለመቆም አበል ይከፈለዋል።

ከሐሙስ እስከ እሑድ ዋናው ውድድር ነው። ለምሳሌ 144 ተጫዋቾች ይጀምራሉ፤ ከሁለት ቀንና ከ36 ጉድጓድ በኋላ ግማሽ ያህሉ "ከት" (የማለፊያ መስመሩን) አላለፋችሁም ተብለው ይሰናበታሉ። በተለመደው ውድድር የተሰናበተች ተጫዋች ከሽልማቱ ድርሻ የላትም፤ የአውሮፕላን፣ የሆቴል፣ የአሠልጣኝና የዱላ ተሸካሚዋን ክፍያ ግን ከኪሷ ታወጣለች። ተሸካሚው (ካዲ ይሉታል) ሳምንታዊ ክፍያ አለው፤ ካሸነፈች ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ይወስዳል። በተለመደው ውድድር የአሸናፊዋ ድርሻ ከጠቅላላው ሽልማት 15 በመቶ ነው፤ የቀረው ወደ ታች እየሳሳ ይወርዳል። ይህ ክፉ ነገር መሆኑን ራሳቸውም አውቀውት የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከት ላላለፈች ባለሙያ ሁሉ 10,000 ዶላር መስጠት ጀመረ፤ ቀድሞ የሚሰጠው ከዚህ ያነሰ ነበር። ለተሸናፊ ገንዘብ! እኛ ለአሸናፊዋም አንሰጥ፤ እንዲህ ያለ አድልዎ አናውቅም።

ሌላም ጉድ አለ፤ ፊርማ። ጎልፍ ተጫዋች የውጤት ወረቀቷን ራሷ አረጋግጣ ትፈርማለች፤ ሳትፈርም ብትሄድ ትሰረዛለች። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሌክሲ ቶምሰን በአንድ ትልቅ ውድድር ቅዳሜ ዕለት ኳሷን አንሥታ ስትመልስ ወደ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ አዛንፋ አስቀመጠች። ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ያያት ሰው ኢሜይል ላከ። እሑድ እየመራች ሳለ "ሁለት ምት ኳስ ስላዛነፍሽ፣ ሁለት ምት የተሳሳተ ወረቀት ስለፈረምሽ" ተብላ አራት ምት ተጨመረባት (በጎልፍ የሚያሸንፈው ምቱ ያነሰው ነው)፤ በመለያ ዙር በደቡብ ኮሪያዊቷ ሪዩ ሶ-ዮን ተሸነፈች። ለሁለት ሳንቲሜትር ተኩል! እኛ ዘንድ ፊርማ ሰውን አሳዝኖ አያውቅም። የአበል ወረቀቱ ላይ የመጣም ይፈርማል፣ ያልመጣም ይፈርማል፣ "ለእገሌ" ተብሎም ይፈረማል። ያልፈረሙት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ተሰልፈዋል።

ስለ ሰልፉ ካነሣን አይቀር፦ ልጆቹ ጠዋት 1፡30 ይቆማሉ፤ ጥሪው 2፡30 ላይ ነው፤ የክብር እንግዳው 4፡30 ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የባለድርሻ አካላት መልእክት፣ ግጥም፣ "የሴቶች ተሳትፎ በስፖርት፦ ተግዳሮቶችና ምቹ ሁኔታዎች" የሚል የፓናል ውይይት (ተወያዮቹ አራት ወንዶች ናቸው)፣ የአቋም መግለጫ። እያንዳንዱ ተናጋሪ ደራርቱ ቱሉን ሳይጠራ አይወርድም፤ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን የሮጡት ራሳቸው ይመስል ላብ ይጠርጋሉ። ሜዳው ላይ የተበተነው ኖራ የአንዱን ጎል ሳጥን ሠርቶ አልቋል፤ መረቡ በውሰት ነው፤ ከጎሉ ጀርባ ሁለት ላሞች ሣሩን ያስተካክላሉ። (የጎልፍ ሜዳ ጉድጓዱ ያለበት ሣር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ተደርጎ በማሽን ይታጨዳል፤ ላም የሌለው አገር ምን ያድርግ!) ጨዋታው የሚጀመረው ምሳ ሊደርስ ሲል ስለሆነ "በሰዓት እጥረት ምክንያት" እያንዳንዱ አጋማሽ 15 ደቂቃ ይሆናል። ንግግር በሰዓት እጥረት ሲያጥር ግን ታይቶ አይታወቅም።

ጎልፈኞቹን በዚህ በኩል የምንቀናባቸው ነገር ቢኖር ምናልባት አንድ ነው፤ እነሱም ጉዳት ያውቃሉ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) 34 የነበረው የዓመት ውድድራቸው፣ የፋይናንስ ቀውሱ መጥቶ ስፖንሰሮች ሲሸሹ፣ በ2011 ወደ 23 ወረደ። ገንዘብ ያወጣ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ የስፖንሰር ችግሩ ይኼው ነው። የእኛ ድጋፍ እንዲህ ዓይነት አደጋ አያውቀውም። ጭብጨባ ቀውስ አይነካውም፤ ጥሎን የሚሄድ ስፖንሰርም የለንም።

በማግስቱ ባነሩ ይወርዳል። አይጣልም፤ ዝናብ ሲመጣ ግቢ ውስጥ የተከመረ ሲሚንቶ ይሸፈንበታል፤ ጎልፈኛዋ እስከ ሰኔ ድረስ ዱላዋን እንደሰነዘረች ከሲሚንቶው ላይ ትቆያለች። የሴቶቹ ቡድን ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል። ቅዳሜ ደብረ ታቦር ጨዋታ አለን፤ የ22 ሰው የደርሶ መልስ መሳፈሪያና ሁለት የኳስ መንፊያ መርፌ ይፈቀድልን ይላል። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ክብ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከአንዱ ክፍል "ለሚመለከተው" ተብሎ ወደ ሌላው ይመራል፤ ከዚያ "ለአስተያየት" ይመለሳል። ረቡዕ ላይ ኅዳጉ ላይ በሰማያዊ ቢክ ውሳኔው ተጽፎ ይገኛል፦

"ጥያቄው ተገቢና ወቅታዊ ነው። ለመጪው የካቲት 29 ዕቅድ ይካተት።"