«የዛሬው ቤንዚን ነው!»

ቮልስ የሚነዳ ሰው በዚህ ከተማ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰማው። መኪናዋ ብትተፋም፣ ብትግልም፣ ጠዋት አልነሳም ብትልም፣ ማርሚታዋ ወልቆ መንገድ ላይ ቢቀርም «ጋሼ፣ የዛሬው ቤንዚን ነው!» ይሉሃል። ትናንት ደግሞ መካኒኩ የኋላውን ኮፈን እንኳን ሳይከፍት ነገረኝ። ከፍቶ ቢነግረኝ ግድ የለኝም። እዛው ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ (ምን ነክቶ እንደቆሸሸ እግዜር ይወቅ) «እነዚህ እኮ እርሳስ ላለው ቤንዚን ነው የተሰሩት፣ አሁን የሚቀዳው ባዶ ነው፣ ቫልቩን በልቶት ነው» አለና ወዲያው ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ጠርሙስ አወረደ። ቤንዚኑ ውስጥ ጠብ ማድረግ ነው አሉ።

ወሬው እንዲያው ከሜዳ አልተነሳም። እርሳሱ (የሚጻፍበት ሳይሆን ብረቱ፣ ድሮ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው) ሁለት ስራ ነበረው፣ አንደኛ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ያደርጋል፣ ሁለተኛ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሲከፈት ሲዘጋ ከመቀመጫው ጋር ብረት ለብረት እንዳይጣበቅ ስስ ሽፋን ይተውለታል። ሽፋኑ ሲቀር መቀመጫው እየተበላ ቫልቩ ይሰምጣል። ግን ይሄ የሚደርሰው መቀመጫው እዛው የብረት ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ ለተቀረጸ መኪና ነው፣ እንደነ ሞሪስ ማይነር፣ እንደነ ኤምጂ ቢ፣ ለዛውም በረጅም መንገድ ሞተሩ እያጓራ ሲነዳ። የቮልስ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ፋብሪካው ድሮውኑ የብረት መቀመጫ ቀብሮበታል። የ1200ዋ ቮልስ ኮምፕረሽን (ሞተሩ ቤንዚኑን ከማቀጣጠሉ በፊት የሚጨምቅበት መጠን) 7 ለ 1 ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ እንደሷ ያለች ሞተር ቤንዚን አትመርጥም። የኔዋ ደግሞ ከመገናኛ ቦሌ በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ነው የምትውለው፣ በየትኛው ሩጫዋ ነው ቫልቯ የተበላው?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ይሄን ተረት እወደዋለሁ። ብዙ ሰው «መታ» ብሎ ይጨርሰዋል፣ እኔ ግን ሳልጨርስ መተው ነው ደስ የሚለኝ፣ ሰሚው ራሱ ይምታው። አገሩ ሁሉ ዳውላ ሲመታ ነው የሚውለው እኮ። ተማሪው ሲወድቅ ፈተናው ተሰርቆ ነው፣ ሙሽራው ሲያረፍድ መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ዶሮ ወጡ ሲቀጥን ሽንኩርቱ የመስኖ ሆኖ ነው፣ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ሂሳብ ሲጎድልበት ደግሞ «ሲስተም የለም» ይላል (መዝገቡ ባለ መስመር ደብተር ነው!)። ጋራዥ ውስጥ አህያው ማነው? ቫልቩን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለካት፣ ዘይቱን በጊዜው መቀየር። ሆዷ የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፣ ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ነው፣ ስለዚህ ዘይቱ ሲቆሽሽ በቃ ቆሸሸ። ግን ደንበኛን «ዘይት ከቀየርክ ስንት ወርህ ነው?» ብሎ ማፋጠጥ ያጣላል፣ ቤንዚን ደግሞ ቢሰድቡት አይመልስም።

ዳውላን ካነሳሁ አይቀር የባለቤቴን አጎት ሳላነሳ አላልፍም። ለሰርጋችን ሚዜዎቹን ታመላልስልን ብለን ቮልሳቸውን ለምነናቸው ነበር። «ልጄ፣ መኪናዋ ያንተው ናት፣ ግን የዛሬው ቤንዚን አይስማማትም፣ መንገድ ላይ ቆማ እንዳታዋርድህ» አሉኝ። እኔም አመስግኜ፣ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም፣ ወጣሁ። በሳምንቱ ያቺው ቮልስ ሪባን ታስሮላት፣ አበባ ተለጥፎባት፣ የማላውቀው ሰው ሰርግ አጅባ ክላክስ እያስነፋች በአጠገቤ አለፈች። በኪራይ ነዋ! የዛ ሰውዬ ብር እርሳስ ነበረበት መሰለኝ፣ ተስማማት።

እኚሁ አጎት በየበዓሉ ከጠጅ በኋላ የሚያወሩት ደግሞ ስለ መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ጃንሆይ ሮልስ ሮይስ ቆሞላቸው ከቤተ መንግሥት በቮልስ ተወሰዱ፣ ይሄ እውነት ነው፣ ያየ አይቷል። እሳቸው ግን እንዲህ ብለው ነው የሚዘጉት፤ «ያኔ ቤንዚኑ ቤንዚን ስለነበረ ነው እንጂ በዛሬው ቢሆን በሩን ሳታልፍ ትቆም ነበር!» ደርግም እንግዲህ ለካ በእርሳስ ኃይል ነው የገባው። ማንም አይመልስላቸውም፣ እኔም አልመልስም፣ ጠጁ የሳቸው ነው።

እዚህ ጋ ግን ሳቄ ያልቃል። ይሄን እርሳስ ቤንዚን ውስጥ የከተተው ቶማስ ሚጅሊ የሚባል የጀነራል ሞተርስ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921። ሲሸጡት ስሙን «ኢታይል» አሉት፣ እርሳስ የሚባል ነገር ትንፍሽ አላሉም። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፈሳሹን የሚያመርቱ ሰራተኞች አብደው ሲሞቱ ሚጅሊ ጋዜጠኛ ሰብስቦ፣ ምንም አይልም ለማለት፣ እጁን ታጠበበት፣ አሸተተውም። ከዛ በፊት ግን ራሱ በእርሳስ ተመርዞ እረፍት ወጥቶ ነበር! ይሄ የህጻን አእምሮ የሚያደነዝዝ መርዝ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ነው፣ ከዓለም የመኪና ቤንዚን ጭራሽ የጠፋው ደግሞ አልጄሪያ በ2021 ስታቆም። እስከዛ ድረስ አደባባይ ላይ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡት ልጆች፣ ቁመታቸው ከማርሚታው ብዙም ሳይርቅ፣ ሲስቡት ኖሩ። ይሄንን ነው እንግዲህ «የድሮው ጥሩ ቤንዚን» እያሉ የሚያለቅሱለት። ምኑ ነው የናፈቃችሁ? ንገሩኝ እስቲ፣ የቱ ጎኑ?

ለነገሩ ጠርሙሷን ገልበጥ አድርጌ ጽሁፏን ሳነብ እርሳስም የለባትም።

የዛሬው ቤንዚን የሚወቀስበት ነገር ቢኖር እንኳን ሌላ ነው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል (አልኮል ነው) 5 ፐርሰንት መደባለቅ ሲጀመር፣ በኋላም 10 ሲገባ፣ ያኔ ነበር ስለ ቱቦ ማውራት። ኢታኖል የድሮ ጎማ ይበላል፣ ይሰነጥቃል፣ የቮልስ የቤንዚን ቱቦ ደግሞ የሚያልፈው የጋለ ሞተር አጠገብ ነው፣ ጠብ ካለ እሳት ነው ያለው። ይሄን ግን ማንም አይነግርህም፣ ቱቦ ርካሽ ነዋ፣ ምን ይተረፋል ከሱ። ኮፈኑን ራሴ ከፍቼ ባሳየው «እሱም የቤንዚኑ ስራ ነው» አለኝ፣ እንግዲህ አሸነፈኝ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ወሬው በዛው የሚሞት መስሎኝ ነበር። ባለፈው ጎረቤቴ አዲሷን ኤሌክትሪክ መኪናውን ማታ ሶኬቱን በደንብ ሳይሰካው አድሮ ጠዋት ቻርጅ የላትም። ዙሪያዋን ዞረ ዞረና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የህዳሴው መብራት ሳይሆን አይቀርም፣ ለሷ የድሮው የቆቃ ነበር የሚስማማት።»