አለቃ ሆይ፣ ጸጥታው አያኩራህ

ወገኖቼ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቂሊንጦ እስከ ገላን በተዘረጉት ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ወርክሾፖች ሰው እንድትመሩ የተሾማችሁ ሁሉ፣ ነገሬ በመጀመሪያ ከእናንተ ጋር ነው። ለሠራተኛውም የምለው አለኝ፤ ባለሀብቱንም አልምረውም። ግን ከእናንተ ልጀምር፤ ከፎርማኑ፣ ከሱፐርቫይዘሩ፣ ከፈረቃ ኃላፊው።

በአዳራሹ ስታልፉ ወሬ ይቋረጣል። አንገት ይደፋል። እናንተም ደረታችሁን ነፍታችሁ «ሥርዓት አስይዣቸዋለሁ» ትላላችሁ። የትኛው ማሽን ዘይት እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ገመድ ተልጦ ሽቦው እንደወጣ፣ ትናንት ማታ ተጭኖ ከሄደው ዕቃ ስንቱ ጉድለት እንዳለበት የሚያውቀው ግን ያ አንገቱን የደፋው ሰው ነው። እናንተ በቀረባችሁ ቁጥር እሱ አፉን ይዘጋል። የሚያኩራራችሁ ይህ ከሆነ አዝንላችኋለሁ።

በጥራት ቁጥጥር ሥራ ብዙ ዘመን ስለቆየሁ የልብስ ስፌት አዳራሽን ከውስጥ አውቀዋለሁ። መርፌ ይሰበራል። የኪስ ማዕዘን ላይ፣ ዚፕ ላይ፣ ድርብርብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ይሰበራል፤ ኦፕሬተሯ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ይሰበራል። ለውጭ ገበያ በሚሠራ ፋብሪካ ደንቡ የታወቀ ነው። ማሽኑ ይቆማል፤ ስብርባሪው ሁሉ ይፈለጋል፤ ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ሙሉ መርፌ መሆናቸው ታይቶ በመዝገቡ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ፤ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ቁራጭ ከጠፋች በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ተለይቶ በብረት መፈተሻ ያልፋል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመርፌ ጫፍ በሕፃን ቱታ ውስጥ ተሸጉጣ የሰው ልጅ ገላ እንዳትወጋ ነው።

አሁን ደንቡን የሚያስፈጽመውን ሰው ተመልከቱት። ልጅቷ እጇን ታነሣለች። እሱ ከአዳራሹ ጫፍ እየጮኸ ይመጣል። «አሁንም አንቺ ነሽ? የጎደለውን ቁጥር ማን ይሙላልሽ?» መስመሩ ሁሉ እየሰማ ነው። እሷ ታቀረቅራለች፤ ጓደኞቿም በሚገባ ተምረዋል። በሚቀጥለው ጊዜ መርፌ ሲሰበርባት እጇን አታነሣም። ትልቁን ቁራጭ ነቅላ ትደብቃለች፤ ከጎኗ ካለችው ልጅ የተቀመጠ መርፌ ትበደራለች፤ ትንሿን ጫፍ አትፈልጋትም፤ ለመፈለግ ጎንበስ ማለት ራሱ ያሳብቃልና። በአንዲት ኦፕሬተር የሻሽ ጫፍ ሦስት የመርፌ ስብርባሪዎች ተቋጥረው በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያ መስመር መዝገብ ንጹሕ ነበር። ሱፐርቫይዘሩም በሳምንቱ ስብሰባ ተመስግኖበታል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን ስታጠና፣ ጥሩ የሚባሉት የነርሶች ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። በመልካም የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዘገበባቸው። ነገሩን ስትመረምረው ምክንያቱ ወጣ። በእነዚያ ክፍሎች የተሳሳተ ነርስ ስህተቱን ይናገራል፤ ኃላፊዋ ቁጡ በሆነችበት ክፍል ግን ስህተቱ ይቀበራል። ኋላም በአንድ ፋብሪካ 51 የሥራ ቡድኖችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ጽሑፍ፣ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚናገርበት ቡድን የተሻለ እንደሚማርና የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል። እንግዲህ ዝም ያለ መስመር ያላችሁ ሰዎች፣ ያላችሁ ነገር ምን እንደሆነ ደግማችሁ አስቡበት።

«እኔ ግን ስጮህ ሥራው ሲስተካከል አየዋለሁ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ያየዋል። ያሳሳተውም ይኸው ያየው ነገር ነው። ዳንኤል ካህነማን፣ በሥነ ልቦና ሊቅነቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው፣ በወጣትነቱ የእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞችን ሲያስተምር የገጠመውን ይናገር ነበር። አንድ አሠልጣኝ ተነሥቶ ተከራከረው። ጥሩ ያበረረውን ሳመሰግነው በማግሥቱ ይበላሻል፤ የተበላሸበትን ስጮህበት በማግሥቱ ያሻሽላል፤ ስለዚህ ምስጋና ያበላሻል፣ ጩኸት ያርማል አለው። ካህነማን ነገሩ ወዲያው ገባው። የሰው ሥራ በየቀኑ ከልማዱ ከፍና ዝቅ ይላል። እጅግ ከከፋ ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን፣ ብትጮህም ባትጮህም፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው። እጅግ ካማረ ቀን በኋላ የሚመጣውም፣ ብታመሰግንም ብትተውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው።

ወደ ራሳችን አዳራሽ እናምጣው። አንድ መስመር በቀን 600 ሸሚዝ ያህል ያወጣል እንበል። አንድ ቀን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ውሎ ወይም የተቆረጠው ጨርቅ ዘግይቶ 450 ይወርዳል። ሱፐርቫይዘሩ ይወርድባቸዋል። በማግሥቱ 590 ይሆናል። «አያችሁ? እነዚህ ካልተጮኸባቸው አይሠሩም!» ሌላ ቀን ሁሉም ነገር ተሳክቶ 700 ይገባል፤ ያመሰግናቸዋል፤ በማግሥቱ 610 ይሆናል። «ስታመሰግናቸው ይጠግባሉ!» እንዲህ እያለ ዓመት ሁለት ዓመት ሲሠራ፣ በቁጥር የተረጋገጠ መስሎት ጨካኝ ይሆናል። ወገኖቼ፣ በየፋብሪካው የሞሉት ቁጡ አለቆች ክፉ ሆነው የተወለዱ አይደሉም። ብዙዎቹ እንደዚህ በየቀኑ ሪፖርት የተታለሉ ናቸው። አንድ ወር ሙሉ ሳትጮሁ ቆይታችሁ ቁጥሩን መዝግቡት፤ መብራት በሄደ ማግሥት መስመሩ ራሱ ወደ ልኩ ሲመለስ ታዩታላችሁ።

የዝምታ ዋጋ ከሸሚዝ በላይ የሚሆንበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን የካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፍ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ለመነሣት ሲንደረደር የነበረውን አውሮፕላን ይዞ የነበረው ካፒቴን በኩባንያው እጅግ የተከበረ፣ ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ገና አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቋል። ካፒቴኑ ጥርጥር በሌለው ድምፅ ወጥቷል ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች ረዳቱ ካፒቴኑን እንዲያርም፣ ካፒቴኑም እርማት እንዲቀበል ማሠልጠን ጀመሩ። ከቦሌ ተነሥተው በአናታችን የሚያልፉት አውሮፕላኖች በዚሁ ትምህርት የሚበሩ ናቸው። ታላቅ ካፒቴን የሚታረም ከሆነ የጫማ ሶል ማጣበቂያ ክፍል ኃላፊ የማይታረምበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ሠራተኞቹ። ከጥፋቱ ነጻ አይደላችሁም።

ለስላሳ አለቃ ሲመጣላችሁ ምን ታደርጉታላችሁ? ለሻይ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲለቅቃችሁ ግማሽ ሰዓት ትቆያላችሁ። በደግ ቃል ሲነግራችሁ እርስ በርስ ተያይታችሁ ትሳሳቃላችሁ። «ይኼ ደግሞ ምን አለቃ ነው?» ትላላችሁ። የሚሳደበውን ግን «ቆፍጣና ነው» ብላችሁ ታደንቃላችሁ፤ በሌለበት ታሙታላችሁ፤ ሲመጣ ወንበር ትለቅቁለታላችሁ። ያ ለስላሳ ሰው ይህን አይቶ በስድስት ወሩ መጮህ ቢጀምር ማን አስተማረው? ከእናንተው መካከል ትናንት አብራ ትሰፋ የነበረችው ልጅ ሱፐርቫይዘር በሆነች በሳምንቱ፣ ስታለቅስበት የኖረችውን ስድብ ቃል በቃል ስትመልሰው ሰምቻለሁ። ሌላ የአለቃ ምሳሌ አላየችም፤ እናንተም ሌላ ምሳሌ ስታገኙ አላከበራችሁም።

ወላጆችም አላችሁበት። ልጃችሁ በኮዬ ፈጬ ሰርቪስ ተሳፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ስትሄድ ምን ብላችሁ ሸኛችኋት? «አርፈሽ ሥሪ፣ ያሉሽን እሺ በይ፣ እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ ዝም አይነቅዝም» አላችኋት። ለእንጀራዋ ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የማሽኑ መከለያ እንደወለቀ አይታ ዝም ብትል የሚቆረጠው የእሷ ጣት ነው።

ሕጉም ከዝምታ ጋር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በሚገለገልበት መሣሪያ ላይ ጉድለት ሲያይ ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ስለዚህ ጉድለት በመናገሯ የምትሰደበው ልጅ የምትሰደበው ሕግ በማክበሯ ነው። ይኸው አዋጅ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በስተቀር ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። አንዳንድ ፎርማን በስሜት ተነሥቶ «ከደመወዝሽ ይቆረጣል!» እያለ የሚያስፈራራው ከየት ባገኘው ሥልጣን እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የሚጠይቀው ስለሌለ ግን ይቀጥላል።

ተግባባን ብዬ ሳልፍ አንድ ስህተት እንዳትሠሩ። ስድቡ ይቅር አልኩ እንጂ ሥራው ይላላ አላልኩም። በየቀኑ የሚያረፍደው ይጠየቅ፤ ደንብ የጣሰው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ የተበላሸው ልብስ ተመልሶ ይሰፋ። ጥብቅ መሆንና ማሸማቀቅ አንድ የሚመስላችሁ ጥብቅ ሆኖ የማያሸማቅቅ አለቃ ስላላያችሁ ነው። እኔ አይቻለሁ። አንዲት የማጠናቀቂያ ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ አንድም የተንጠለጠለ ክር አታሳልፍም፤ ያልተተኮሰ ኮሌታ ካየች ካርቶኑን ሙሉ ታስከፍታለች። ሆኖም በዕድሜ የገፉትን የጽዳት ሠራተኛ «እትዬ» ብላ፣ «እርስዎ» እያለች ታናግራለች። ሌላው ሱፐርቫይዘር ግን እናቱ የሚሆኑትን እኚህኑ ሴት በጣቱ ጠርቶ «አንቺ፣ ነይ እዚህ ጥረጊ» ይላል። የማጠናቀቂያ ክፍሉ መጸዳጃ ውኃ ሲያፈስ ማን ቀድሞ እንደሚሰማ ገምቱ።

በየአዳራሹ ግድግዳ የካይዘን፣ ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያልን አምስቱን ማዎች በቃላችን ይዘናል። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አስምረናል፤ መፍቻውን በስሙ ሰቅለናል። መልካም ነው። ትምህርቱ የበቀለበት የጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ ግን ከሰሌዳው በተጨማሪ በመስመሩ ላይ የሚጎተት ገመድ አለው፤ ተራው ሠራተኛ ችግር ሲያይ ይጎትተዋል፤ አለቃው ሊረዳው ይመጣል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እኛ ሰሌዳውን አምጥተን ገመዱን እዚያው ተውነው። የአስተያየት ሳጥን አለን ትሉኛላችሁ። ሄዳችሁ ቁልፉን እዩት፤ ዝጓል፤ መክፈቻው ማን ጋ እንዳለም የሚያውቅ የለም። ቢከፈትስ የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለመለየት እንጂ የተጻፈውን ለማስተካከል የማይነበብ ከሆነ ማን ይጽፍበታል?

ሱፐርቫይዘሮች፣ ከነገ ጀምሮ ማድረግ የምትችሉት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጉድለት ሊነግራችሁ ለመጣ ሰው የመጀመሪያ ቃላችሁ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይሁን፤ ማን አጠፋው የሚለው ጥያቄ በኋላ ይደርሳል። መስመሩ ሁሉ የሚሰማው ያችን የመጀመሪያ ቃል ነው። በፈረቃ ቅብብል ጊዜ «ችግር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። «ዛሬ የትኛው ማሽን አስቸገረህ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ፤ ለመመለስ ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ ላይ ማንም አይመልስላችሁም። ለዓመታት የተዘጋ አፍ በአንድ ቀን አይከፈትም፤ ወጥመድ ነው ብለው ይጠራጠሯችኋል፤ ቢጠራጠሩም አይፈረድባቸውም።

ባለሀብቶችና ሥራ አስኪያጆች፣ አልረሳኋችሁም። ሱፐርቫይዘሩ የሚጮኸው እናንተ ጠዋት ስለጮኻችሁበት ነው። ቁጥር ብቻ ትጠይቁታላችሁ፤ ቁጥር ያመጣላችኋል። በወሩ መጨረሻ የቀረበላችሁን ሪፖርት ግለጡት። አርባ ማሽን ባለበት መስመር ወር ሙሉ አንድም መርፌ አልተሰበረም የሚል ካገኛችሁ፣ የምስክር ወረቀቱን ለማተም አትቸኩሉ። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄዳችሁ ለዚያ መስመር በወሩ ስንት አዲስ መርፌ እንደወጣ ጠይቁ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው። ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰው ስትፈልጉም ሱፐርቫይዘሩን ጥሩት እንጂ ኦፕሬተሯን አትጥሩ።